መልሱን ራሴ የማላውቀውን ጥያቄ ተማሪዎቼን ብጠይቅ ጥፋት ነው?

ሐይቅ ዳር መምህርት | ኅዳር 2፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ 7ኛ ክፍል ጀነራል ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 64 ልጆች አሉ፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ጠርቼ፣ ቦርድ አጥፍቼ ስጨርስ 32 ደቂቃ ቢተርፈኝ ነው። አንድ ነገር ገጥሞኝ ሳምንቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣ ስላለ ላማክራችሁ ብዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ርዕሱ የውሃ ዑደት ነበር። እስከ ዛሬ የማስተምረው ብዙዎቻችን እንደምናስተምረው ነው። ሥዕሉን ቦርድ ላይ እስላለሁ፣ ትርጉሙን ከሥሩ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ። በነጋታው «ትነት ምንድን ነው?» ስላቸው በአንድ ድምፅ ይመልሱልኛል፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ። ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣውን ልጅ በረንዳ ላይ አግኝቼ «እናትሽ ያሰጣችው ልብስ ላይ የነበረው ውሃ የት ሄደ?» አልኳት። «ደረቀ» አለችኝ። «ደረቀ ማለት ውሃው የት ሄደ ማለት ነው?» ስላት ዝም ብላ አየችኝ። ትርጉሙን እኮ ባለፈው ቀን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የወጣችው። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ምግብ አልበላ አለኝ።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ጠመኔ ሳላነሳ ጀመርኩ። «የጥቁር ውሃ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቃችን ይገባል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ያየ አለ?» አልኳቸው። የለም። «ታዲያ ለምን ሞልቶ ከተማውን አያጥለቀልቅም?»

ዝምታ። ከዚያ አንዱ «ግድቡ ይዞት ነው» አለ። ማታ ማታ ሰው የሚንሸራሸርበትን የሐይቁን ዳር ግድብ ማለቱ ነው። «ስህተት፣ ቀጥሎ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና «ግድቡ ከመሠራቱ በፊትስ?» አልኩት። አሰበ፣ ተቀመጠ። አንዷ «ይተናላ ቲቸር» አለች። ይህ ነበር የምጠብቀው፤ ወደ ቦርዱ ዞርኩ።

ያኔ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከትምህርት ቤት መልስ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ከአጎቱ ጋር ቆሮሶ ዓሣ የሚያጸዳ ልጅ ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። «ቲቸር፣ ከተነነ ውሃው የያዘው ነገር ይቀራል አይደል? እማዬ የጨው ውሃ እሳት ላይ ስትረሳ ድስቱ ነጭ ይሆናል። ወንዙ ከሀገር ሁሉ አፈር እያጠበ ነው የሚመጣው። ታዲያ ሐይቁ ለምን ጨው ጨው አይልም? እኔ ሁሌ እቀምሰዋለሁ።»

ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ይህን ጥያቄ ጠይቄም ተጠይቄም አላውቅም። «ከርዕሳችን ውጭ ነው» ልለው ነበር። «አላውቅም፤ አብረን እንፈልገው» አልኩት። ክፍሉ እንዴት ጸጥ እንዳለ! አስተማሪ አላውቅም ስትል የሰሙ አይመስለኝም።

ያው ቀን የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ሊታዘበኝ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። የልጆቹን ደብተር ገልጦ አየ። ባዶ ነው። ቅጹ ላይ «ማስታወሻ አልተሰጠም፣ ማጠቃለያ የለም» ብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅጹ የሚጠይቀውን ነው የሞላው። ግን አመመኝ። በዓመቴ ውስጥ ልጆቹ ከሁሉ በላይ ያሰቡበት ቀን እኔ ከሁሉ ያነሰ ነጥብ ያገኘሁበት ቀን ሆነ።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? 64 ልጅ ይዞ፣ የጋራ ፈተና እየጠበቀ፣ ልጆች በራሳቸው እንዲያስቡ ማድረግ እንዴት ይቻላል? የተሳሳተ መልስ ሲመጣስ ምን ትሉታላችሁ?

ሒሳብ12 | ኅዳር 2፣ ማታ 3፡15

እህቴ፣ ትጋትሽን አከብራለሁ። የምጽፈው ግን ላያስደስትሽ ይችላል። እኔ 12ኛ ክፍል ሒሳብ ነው የማስተምረው፤ የእናንተ ልጆች በመጨረሻ የሚደርሱት እኔ ጋ ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስቱ ቀረ ማለት ነው። እኔ ጋ ደርሰው ክፍልፋይ መደመር የሚያቅታቸውን በየዓመቱ አያለሁ። ሰኔ ላይ የሚያለቅሱትን የማየው እኔ ነኝ።

ፈጠራ ባዶ ቦታ ላይ አይበቅልም። ቀመሩን ያልያዘ ልጅ ምን አንስቶ ምን ያስባል? ፈተናው ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው፤ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» የሚል ጥያቄ የለበትም። የአሳ አጽጂው ልጅ ጥያቄ ድንቅ ነው፣ እኔንም አስገርሞኛል። ነገር ግን የቀሩት 63ቱ ያን ቀን ምን ይዘው ቤታቸው ገቡ?

ታቦር ሥር | ኅዳር 2፣ ማታ 3፡32

ወንድሜ ሒሳብ12፣ ያልከው ቁጥር እውነት ነው። እነዚያ የወደቁት ልጆች ግን ሲጠየቁና ሲመራመሩ ያደጉ አይደሉም። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ሲገለብጡና ሲሸመድዱ ነው የኖሩት። ሽምደዳው ቢያዋጣ ኖሮ ያኔ ባዋጣ ነበር።

የዋሸራው | ኅዳር 3፣ ጠዋት 1፡50

ልጄ፣ ጽሑፍሽን የልጅ ልጄ አነበበችልኝ፤ ይህንንም እየነገርኳት እሷ ነች የምትጽፈው። በልጅነቴ ጎጃም ዋሸራ ቅኔ ተምሬአለሁ። ኋላ ዘመናዊውን ገብቼ፣ እዚሁ ሐዋሳ አማርኛ ሳስተምር ጡረታ ወጣሁ። ሁለቱንም ቤት ስለማውቅ አንድ ነገር ልበል።

ሰዉ «የቄስ ትምህርት ሽምደዳ ነው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ፊደሉ፣ ንባቡ፣ ዳዊቱ በቃል ነው የሚያዘው፤ ተሳስተሽ ከሆነ አለንጋው አለ። ቅኔ ቤት ስትገቢ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። ጓደኛሽ ያለውን ብትደግሚ ነውር ነው፤ ከስርቆት ይቆጠራል። በየቀኑ አዲስ ነገር ከራስሽ አውጥተሽ ነው የምትቀርቢው። ሲጀመር ጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። ትንሽ ተጀምሮ ነው የሚያድገው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ስምንት ቤት አምጣ ብባል ኖሮ ሸሽቼ እናቴ ጋ በሄድኩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቆጠራ ይባላል። ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ይወጣል፤ አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ከድንጋይ ጥግ፣ አንዱ እየተንጎራደደ፣ ብቻውን ከንፈሩን እያነቃነቀ ያስባል። ማንም አይጠራውም፣ ማንም «ሥራ ፈታህ» አይለውም። ማሰብ ጊዜ ተሰጥቶት የቆመ ሥራ ነበር። ልጄ፣ በዘመናዊው ትምህርት ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ አላየሁም።

ከዚያ ለየኔታ እንነግራለን። አንድ ቀን ሁለት ቤቴን ይዤ ቀረብኩ። ሰሙ ሰም ነው፣ ወርቁ ግን የለም። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩ። «ይህችን ግስ አውጣ፣ ይህችን አግባ» ብለው አንዲት ቃል ለወጡልኝ። ወርቁ ብልጭ አለ። የራሴው ቅኔ ነው ተቃንቶ የተመለሰልኝ፣ የሌላ ሰው አልሰጡኝም። ከተሳሳተ መልስ ጋር ምን ይደረጋል ላልሽው እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ለሒሳብ መምህሩም፦ እውነትህን ነው፣ ግስ ያላጠና አይቀኝም። ነገር ግን ግሱ ተጠንቶ እስኪያልቅ ጠብቁ አልተባልንም። ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት።

የሁለት ልጆች እናት | ኅዳር 3፣ ከሰዓት 7፡20

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ አረብ ሰፈር ሱቅ አለኝ። አባታችን ስለ የኔታ የጻፉትን ሳነብ አለቀስኩ።

ልጄ 4ኛ ክፍል ነች። 25 በ16 አባዢ የሚል ጥያቄ ተሰጥቷት እንዲህ ሠራችው፦ 25 በ4 መቶ፣ መቶ በ4 አራት መቶ። ማንም አላሳያትም። ሱቅ ቁጭ ብላ ስትረዳኝ አራት ሃያ አምስት መቶ እንደሚሆን ከገንዘብ ነው የለመደችው። ደብተሯ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎበታል፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ነው የተሰመረው። ከጎኑ «በተማርነው መንገድ አይደለም» ይላል። መልሱ እኮ ትክክል ነው። ትምህርት ቤቱንም መምህሩንም መጥራት አልፈልግም፤ ለሌላው ጊዜ ጥሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቤት ሥራ ስትሠራ እርሳሷን ይዛ ቀና ትልና «እማዬ፣ በክፍሉ ልሥራው በራሴ?» ትለኛለች። «በራስሽ» ብዬ እንዳልላት ነጥቧ ይሄዳል። «በክፍሉ» ስላት ደግሞ አንድ ነገር የገደልኩ ያህል ይሰማኛል። ምን ልበላት?

ሒሳብ12 | ኅዳር 3፣ ማታ 1፡05

እህቴ፣ ልጅሽ የሠራችው ትክክለኛ ሒሳብ ነው። 16ን አራት ጊዜ አራት አድርጋ በትና፣ በሚቀላት ቅደም ተከተል አባዛችው። እኔ 12ኛ ክፍል ላይ ይህን እንዲያደርጉ የምለምናቸው ልጆች አሉኝ። ሁለቱንም መንገድ ደብተሯ ላይ ጎን ለጎን ታሳይ፤ የክፍሉን በግራ፣ የራሷን በቀኝ። መምህሩን ደግሞ ሄደሽ በአክብሮት አነጋግሪያቸው። እናት ስትጠይቅ ብዙዎቻችን እንሰማለን። ያ ኤክስ ግን ልክ አይደለም፤ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ነው የምለው።

ትናንት የጻፍኩትን አልመልስም፣ ልጆች መሠረት ያስፈልጋቸዋል። ግን ዓርብ ዓርብ የማደርገውን አንድ ነገር ልጨምር፤ 10 ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው። መልሱን እጽፍላቸዋለሁ፣ ጥያቄውን እነሱ ያመጣሉ። «መፍትሔዎቹ 2 እና 5 የሆኑ እኩልታ ስጡኝ» አልኳቸው። ጎበዞቹ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 7 ኤክስ ሲደመር 10 እኩል ይሆናል ዜሮ አሉ። አንድ ሁልጊዜ ዝም የሚል ልጅ ግን ሁሉንም በ3 አብዝቶ አመጣና «የኔም ልክ ነው? ልክ ከሆነ እኮ ማለቂያ የለውም» አለኝ። ይህን መጽሐፉ ላይ ሰላሳ ጥያቄ ሠርተው አያገኙትም። 7ኛ ክፍል ላይ «መልሱ 24 ነው» ብሎ መጀመር ይቻላል።

ሀሌታው | ኅዳር 4፣ ጠዋት 3፡30

መምህራን አሠለጥናለሁ። ስለ ዝምታው ላንሳ።

ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የክፍል ድምፅ እየቀዳች አዳመጠች። አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ከዚያ ራሱ ይመልሳል ወይም ሌላ ልጅ ይጠራል። ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ እንዲቆዩ ስታደርግ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉት መናገር ጀመሩ፣ ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ያ ብቻ ነው የተለወጠው፣ ሌላ ነገር አልተጨመረም።

ሦስት ሴኮንድ ቀላል ይመስላል። ክፍል ፊት ቆመሽ ስትሞክሪው ግን ዘመን ነው። ለሠልጣኞቼ የምሰጣቸው ዘዴ በልብ መቁጠር ነው፦ ሀሌታው ሀ... ሐመሩ ሐ... ብዙኃኑ ኀ። ሦስቱን ሀ ሳትጨርሺ አፍሽን አትክፈቺ። ልጁ ከመለሰ በኋላም ደግሞ ቁጠሪ። «ጎበዝ» ወይም «ስህተት» ካልሽ በሩ ተዘጋ፤ ዝም ካልሽ ልጁ ራሱ «ምክንያቱም» ብሎ ይቀጥላል።

ሒሳብ12 ስለ 63ቱ ያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። 64 ልጅ በ32 ደቂቃ ተራ በተራ ቢናገር ለአንዱ ግማሽ ደቂቃ ይደርሰዋል። ዴስኮቹ ግን ከ22 አይበልጡም። ጥያቄውን ጣይና በመጀመሪያ ለሁለት ደቂቃ ከዴስክ ጓደኞቻቸው ጋር በሹክሹክታ ያውሩት። ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ይሆናል፣ አትደንግጪ። ከዚያ ሦስት ዴስክ ብቻ ጠይቂ። ሲጠየቁ ደግሞ «እኔ» ሳይሆን «እኛ እንዲህ አልን» ይላሉ፤ ቢሳሳቱ ውርደቱ ለሦስት ይከፈላል።

11ኛ ቢ | ኅዳር 4፣ ከሰዓት 10፡15

ተማሪ ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ከገባሁ። እኛ የማንጠይቀው ቲቸርን ፈርተን ሳይሆን ሳቁን ፈርተን ነው። 8ኛ ክፍል እያለሁ «ጨረቃ በቀን የምትታየው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ቲቸርም አብሮ ፈገግ አለ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ «ጨረቃ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ነገር ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፈዋለሁ እንጂ አልጠይቅም። አሁን አራት ገጽ ሆኗል።

ሐይቅ ዳር መምህርት | ኅዳር 4፣ ማታ 2፡00

የኔ ልጅ፣ ጨረቃ በቀን የምትታየው የፀሐይን ብርሃን ስለምታንጸባርቅና ከአድማስ በላይ የምትሆንበት ሰዓት በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ነው። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነበር። አራቱን ገጽ አትቅደጂው/አትቅደደው። ነገ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምናገረው ስለ ሳቅ ነው።

የአላሙራ መምህር | ኅዳር 5፣ ጠዋት 2፡10

ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ቋንቋ ነው። ክፍሌ ውስጥ ቤታቸው ሲዳሙ አፎ የሚናገሩ፣ ወላይትኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ። በአማርኛ ሲጠየቁ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ሐሳብ አጥተው ሳይሆን ቃሉን ሲፈልጉ ተራው ያልፋቸዋል። አሁን በሹክሹክታው ጊዜ በፈለጉት ቋንቋ እንዲያወሩ ፈቅጃለሁ። አንዷ አስረድታ ሌላው ይተረጉምላታል። ሰነፍ ያልኳቸው ልጆች ናቸው አሁን የሚያስደንቁኝ። ስላልኳቸው ነገር እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሁለተኛው፣ ልጆቹ ከቤት ይዘውት የሚመጡት ዕውቀት አለ። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሲመዘግበው ሁላችን ጨፈርን። ግን ክፍል ውስጥ ስለ ሰማይ አካላት ስናስተምር የሚጠራው አልነበረም። እኔ «የፍቼ ቀን በየዓመቱ ለምን ይለያያል? ማን ነው የሚያውቀው?» ብዬ ወደ አያቶቻቸው ላክኋቸው። ሰኞ ሲመለሱ አያንቶ የሚባሉት አባቶች ከዋክብትንና ጨረቃን እያዩ ቀኑን እንደሚለዩ ነገሩኝ። አንዱ ማታ ከአያቱ ጋር ውጭ ተቀምጦ ያየውን በእርሳስ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ስሎ መጣ። ያን ወረቀት ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ውሃ ቆፋሪ | ኅዳር 5፣ ማታ 3፡45

የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነኝ፤ ሐዋሳ ነው ያደግሁት። ልጁ ያነሣው ጥያቄ በኛ ሙያ የታወቀ ጥያቄ ነው። በልጅነቴ አንድም ሰው አልጠየቀኝም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው የሰማሁት።

መምህርት፣ ለአንቺ ልንገርሽ፣ ለልጆቹ ግን ወዲያው እንዳትነግሪያቸው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ዝዋይ ጨዋማ አይደለም፤ በቡልቡላ ወንዝ እየፈሰሰ ወደ አቢያታ ይወጣል። አቢያታና ሻላ መውጫ የላቸውም፤ ውሃቸው ጨዋማ ነው። እንግዲህ የኛ ሐይቅ በዐይን የሚታይ መውጫ የለውም፣ ውሃው ግን እንደ ሻላ አልሆነም። ስለዚህ በዐይን የማይታይ መውጫ አለው ማለት ነው። በተሰነጣጠቀው እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ውስጥ ውሃው ከታች ይሰርጋል፣ ሲሰርግ ጨውንም ይዞ ይሄዳል። ትነት ብቻውን ጨውን ጥሎ ነው የሚሄደው።

እንዲህ አሠሪያቸው። ሁለት ሃይላንድ ከወገባቸው ቁረጡ። በሁለቱም እኩል ቀለል ያለ የጨው ውሃ አድርጉና ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። አንዱን ከታች በመርፌ ብሱት። በየጠዋቱ የጎደለውን በዚያው የጨው ውሃ እስከ ምልክቱ ሙሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሁለቱም አንድ አንድ ማንኪያ ጥቁር ፌስታል ላይ አፍስሳችሁ አድርቁት። ማየት ብቻ ነው።

ቢሮ የቆየሁ | ኅዳር 6፣ ጠዋት 4፡00

በተጠሪነት፣ ኋላም በሱፐርቫይዘርነት ሠርቻለሁ። የታዘበሽን ሰው ስላልተቀየምሽው ደስ ብሎኛል። ማስታወሻ የምንጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ስንት ትምህርት ቤት መጽሐፉን በሶፍት ኮፒ ብቻ ይዞ እንደጀመረ ታስታውሻለሽ፤ ስልክ የሌለው ልጅ ያለው መጽሐፍ ደብተሩ ነው። ደብተሩ ባዶ ከሆነ ለፈተና ምን ያጠናል?

ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሰባት ደቂቃ ለማስታወሻ ያዢ። ነገር ግን ማስታወሻውን ከእነሱ አፍ ውሰጂ። «ዛሬ ምን አወቅን? ምን አላወቅንም?» ብለሽ እነሱ ይናገሩ፣ አንቺ ቦርዱ ላይ ጻፊ። ያላወቁትም ይጻፍ። ዕቅድሽ ላይም «የተማሪዎች ጥያቄ» የሚል መስመር ጨምሪ፤ ዕቅድ ላይ ያለን ነገር ታዛቢ እንደ ጥፋት አይቆጥረውም። እኔ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ለመምህራን አልነገርኩም። ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐይቅ ዳር መምህርት | ኅዳር 27፣ ማታ 2፡20

ዘግይቼ ተመለስኩ፣ ይቅርታ። ውጤቱ እስኪታይ ብዬ ነው።

ሃይላንዶቹን ኅዳር 8 ቀን ከክፍላችን መስኮት ሥር አስቀመጥን። ውሃ ቆፋሪ፣ የመርፌው ቀዳዳ አልሠራም! በነጋታው ስንመጣ ባዶ ነው፤ ሌሊቱን ጠብ ጠብ ብሎ አልቋል። ልጆቹ አዘኑ። በሰም ደፈኑት፣ ጭራሽ አላፈስ አለ። እኔ የማውቀው መፍትሔ አልነበረኝም። «ምን እናድርግ?» ብዬ ጠየቅሁና ሦስቱን ሀ ቆጠርኩ። ከዚያም በላይ ቆጠርኩ።

አንዲት ልጅ፣ ያቺው ስለ ልብሱ መድረቅ ዝም ያለችኝ፣ «ቲቸር፣ እንደ ኩራዝ ብናደርገውስ?» አለች። አያቷ ገጠር ናት፣ ክረምት እዚያ ነው የምትከርመው። የኩራዙ ክር ጋዙን ቀስ እያለ ወደ ላይ እንደሚስበው ታውቃለች። ከቤት የጥጥ ክር አምጥታ፣ ጎንጉና፣ አንዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ፣ ሌላውን በጠርሙሱ አፍ አሳልፋ ከውሃው ልክ ዝቅ አድርጋ አንጠለጠለችው። ሁላችንም ተሰብስበን አየን። ክሩ ረጠበ፣ ርጥበቱ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ጠብታ አበጠችና ወደቀች። ክፍሉ ጮኸ። ከጎናችን ያለው ክፍል አስተማሪ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ።

በየጠዋቱ ተራ ይዘው ሞሉ፤ በየቀኑ ስንት ቆርኪ እንደጨመሩ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ሰንጠረዡን እንዴት እንደሚያሰምሩ አላሳየኋቸውም፤ 22 ዴስክ 22 ዓይነት ሰንጠረዥ አመጣ። አንዳንዱ ምንም አይነበብም ነበር፣ እሱም አስተማራቸው።

ትናንት ጥቁር ፌስታል ዘርግተን ከሁለቱም አንድ አንድ ማንኪያ አፈሰስን። ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ደርቆ ነበር። ክር ከሌለው ጠርሙስ የመጣው ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ክብ ጥሏል፤ በጥፍር ሲነካ ይፈረፈራል። ክር ያለው ስስ ነው፤ ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ የአሞራ ገደሉ ልጅ ቀስ ብሎ «ስለዚህ የኛ ሐይቅ ክር አለው» አለ። ማስታወሻው ላይ እንዳለ እሱ ያለውን ነው የጻፍኩት። ትነት፣ ስርገት፣ ጨዋማነት የሚሉትን ቃላት ከሥሩ አስገባኋቸው። አሁን 64ቱም ቃላቱን ያውቋቸዋል። ሒሳብ12፣ ሰኞ በጋራ ፈተናው መልክ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አሥር ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ፤ ውጤቱን ደብቄ ሳላስቀር እዚህ እነግርሃለሁ።

አባታችን የዋሸራው፣ ዓርብ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ «ቆጠራ» ብለን ሰይመናታል። እየወጡ ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ያስባሉ። እርስዎ እንዳሉት ትንሽ ነው የጀመርነው፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይመለሳሉ፣ የጓደኛን መድገም ክልክል ነው።

ተጠሪያችን ትናንት በመስኮት ቆሞ ሲያይ ነበር። ምንም አላለኝም። ሲሄድ ግን ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን አየው።

አንድ ችግር አለብኝ። ዛሬ ጠዋት ገና ስም ሳልጠራ ልጅቷ እጇን አውጥታ «ክሩ ከታች ከሆነ፣ ሌላው ጫፉ የት ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

የዋሸራው | ኅዳር 28፣ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ «የኛ ሐይቅ ክር አለው» ያለውን ልጅ ሳመልኝ። ጉባኤ ቃና ነው።

የሁለት ልጆች እናት | ኅዳር 28፣ ጠዋት 2፡15

መምህሩን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ደብተሩን ተቀብለው ቆመው ሠሩት፣ ከዚያ ኤክሱን በራሳቸው እጅ ሰረዙት። ልጄ ትናንት ማታ ምንም ሳትጠይቀኝ ጀመረች።

ውሃ ቆፋሪ | ኅዳር 28፣ ከሰዓት 8፡00

የኩራዙ ክር ከኔ መርፌ ይበልጣል፤ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነገርኳቸው። ሌላው ጫፍ የት እንደሚወጣ በጽሑፍ አልመልስላትም። የአካባቢውን የከፍታ ካርታ ይዤ እመጣለሁ፣ ውሃ ወዴት ሊያዘነብል እንደሚችል ራሳቸው በጣታቸው ይከተሉት። ዓርብ ስንተኛ ክፍለ ጊዜ ነው የምትገቢው?

ሐይቅ ዳር መምህርት | ኅዳር 28፣ ከሰዓት 8፡12

አምስተኛ። በር ላይ ሁለት ልጅ ልኬ አስጠብቅሃለሁ።